አንድ ጉተታ

ገመዱን የምይዝ እኔ ነኝ፤ የሚጠልቀው ሳቫቲ ነው፣
ወንድሜ፤ ጠርሙስ በወገቡ፣ በጀርባው አየር አዝሎ ነው።
በመጋዝ ከፈትን ባሕሩ ላይ የመስኮት ያህል ደጃፍ፣
ጠርዙ ስለት፣ ሆዱ ጥቁር፣ ጭስ የሚተፋ እንደ አፍ።
መጋቢት ነው። ነጩ ባሕር ስሙን መስሏል እስከ ዳር፤
ጣቶቼ ብቻ ናቸው በጓንቲው ውስጥ የሚያወሩ ከገመዱ ጋር።

የኛ ቋንቋ አጭር ነው።
አንድ ጉተታ፦ «አለሁ» ነው።
ሁለት ሲሆን፦ «ልቀቂ» ነው።
ሦስት ከሆነ፦ «ሳቢኝ» ነው።
አራተኛ ቃል የለንም።
አባታችን ለአቆስጣ አደን ሲወጣ ገመድ አልነበረውም፤
የቆመበት በረዶ ተገምሶ ይዞት ሲነጉድ አልጮኸም፣
ወይ ጮኾ ይሆናል። በዚያ ንፋስ እኛ አልሰማንም።

«ዛጎል የጣለ ቀንድ አውጣ ነው» አለች ኢራይዳ መነጽሯን ስትጠርግ፣
ከከተማ የመጣችው፤ «ሲፈለፈል ዛጎል አለው፤ ጥሎት ራቁቱን ነው የሚያድግ።»
የኛ መንደር ግን «መልአክ» ይለዋል፤ ማን መዝገብ ገልጦ ይፈልግ?
እሱ የሚበላትን ደግሞ፣ አተር የምታክል ጥቁር፣
በዛጎሏ ተጠቅልላ በሁለት ክንፍ የምትበር፣
«ሰይጣን» እንላታለን። ጥፋቷ?
ጠቆረች፤ ይኸው ነበር።

አሥር ደቂቃ፦ «አለሁ»። ሃያ ደቂቃ፦ «አለሁ»።
ከዚያ ዝም።
ጎተትኩ። ዝም።
ደግሜ ጎተትኩ፤ ገመዱ ከበደ እንጂ አልመለሰም።
ትንፋሹ ከበረዶው ሥር እንደ ባዜቃ ተበትኖ ይሆናል፤ አይታይም።
አራተኛውን ቃል ጥርሴ ላይ አገኘሁት፤ አልተፋሁትም።

ከዚያ አንዲት ጉተታ፣ የሰነፍ፣ የሕልመኛ፣
ሕፃን የእናቱን ቀሚስ እንደሚስብ ሊተኛ።

ወጣ። ጢሙ ወዲያው ብርጭቆ ሆነ፤ ዓይኑ ገና ታች ነው።
«ኡስቲንያ» አለኝ፣ «ረሳሁሽ። ገመድ እንዳለኝም ረሳሁ።
መቶ ይሆናሉ፤ በዙሪያዬ ወደ ላይ ሲዘንቡ አየሁ።»
በእናቱ ስም ሰደብኩት፤
የኔም እናት መሆኗን ረሳሁ።

ማታ ጠርሙሱን በድርቡ መስኮት መሃል፣ ብርድ በማይርቅበት አኖርኩት፤
ሳቫቲ ከምድጃው ጥግ ያንኮራፋል። ፋኖስ ይዤ አየሁት።
ገላው ሰም ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሻማ፤ ብርሃን ያሳልፋል፤
ወርቁ ከውስጡ ይታያል፤ ሆድ ዕቃው እንደ ፍም ይግላል።
«ሰሙም ወርቁም ፊት ለፊት ነው» አልኩ፤ «ይህ ፍጥረት ምን ይዋሻል?»

ያኔ ጥቁሯ ባጠገቡ አለፈች። የመልአኩ ራስ ተከፈለ።
ስድስት ክንድ ከራሱ ውስጥ ወጥቶ በዛጎሏ ላይ ዋለ፤
አዞራት፣ ደጃፏን ከአፉ ጋር አስተካከለ፤
ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ ሥጋዋን ከጎጆዋ ሳይቸኩል ነቀለ።
ባዶው ዛጎል ወረደ።
የመልአኩ ወርቅ ጠቆር አለ።

አልጠላሁትም። ሌላ እህል አያውቅም፤ እሷን ካጣ
ዓመት ሙሉ ይጾማል አሉ፣ እየመነመነ፣ እስክትመጣ።
ስሙን ግን ማን አወጣው? ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።
ሰይጣን ያልናት ድሯን ዘርግታ የባሕር ትቢያ ስትለቅም ኖራ
አንድ ቀን እንኳ ማንን ነከሰች? አሳዩኝ።

ሲነጋ ጠርሙሱን ወስጄ ቀዳዳው ውስጥ ገለበጥኩ፤
ለኢራይዳ «ሞተ» አልኳት። እኔም እንግዲህ ዋሸሁ።
ዛጎሏን ከልብስ ቁልፎች ጋር በክብሪት ቤት ላኖራት ነበር፤
ትንፋሼ ሲነካት ደቀቀች፣
ጣቴ ላይ ቀረ የዱቄት ያህል ነገር።

ሳቫቲ ልብሱን አጠለቀ። ቋጠሮውን ከወትሮው አጠበቅሁ።
«ዛሬ ደግሞ ብትረሳኝ...» ሳቀ፤ ሳልጨርስ ወረደ። ጠበቅሁ።
አሥር ደቂቃ አልሞላም፤
የሱን ሳልጠብቅ እኔ ሳብኩ፣
አንድ ጊዜ።